የእማዬ ጥራጊ

በኛ ቤት የስያሜ ሰዓት ከእራት በፊት ነው። ሌላው ሰው በልቶ ጠጥቶ ነው ቀኑን የሚሰይመው፤ እኔ ግን ሆዴ ሲሞላ ዓይኔም አብሮ ይከደናል። ተኝቼ ቀኔን ለጥረጋ ከምሰጥ ብዬ፣ ከሱቅ እንደገባሁ ጫማዬን አወልቅና አዝራሬን ከአንገትጌዬ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። አዝራሩ ውስጥ ያለው ማሽን፣ ሰያሚ፣ ቀኔን አንድ በአንድ ይመልስልኛል።

«ጠዋት ከአቶ ሙሄ ጋር በብሎን የተጨቃጨቁት። ምን ልበለው?»

«ንግድ።»

«ከዚያ በኋላ ስለ አቶ ሙሄ ለጎረቤት ሱቅ የተናገሩት። ምን ልበለው?»

«እሱም ንግድ ነው።»

«ከቀትር በኋላ ብቻዎን የሳቁት። ምን ልበለው?»

«ምን አስቆኝ ነበር?»

«አልተናገሩም።»

«እንግዲያው ይጠረግ።»

እንዲህ ነው የምንኖረው። አዝራሩ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ወደ ጎተራ ይልካል። ጎተራው ከጦሳ ተራራ ሥር ነው ይባላል፤ ገብቶ ያየ ሰው ግን አላውቅም። እዚያ የገባ ነገር መለያ ካልተሰጠው ማንም ፈልጎ አያገኘውም፤ ማንም የማያገኘውን ደግሞ ጳጉሜ ስትመጣ ጠርገው ያጠፉታል። የቀበሌው ግንብ ላይ «ያልተሰየመ አልተደረገም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ አንድ የተባረከ ባለጌ «የናንተ ስብሰባስ?» ብሎ ጽፎበት ነበር፤ በማግስቱ ቀለም ቀቡት።

ሰው የማይለምደው የለም። ወዳጅ ከወዳጁ ሲለያይ «ደህና ዋይ» ብሎ ማብቃት ቀርቶ «ይኼን ጨዋታ ብለሽ ያዢው» ይባባላል። ከኛ በላይ ያሉት ባልና ሚስት የተፋቱት በሌላ በምንም አይደለም። ሚስትየው የሠርጋቸውን ቀን ስትፈልግ፣ ባልየው «ወጪ» ብሎ ሰይሞት አገኘችው። ሽማግሌ ገብቶ «ኧረ ልጄ፣ ወጪም እኮ ነው» ቢላት ጭራሽ ባሰባት።

እኔ ጉድፌ እባላለሁ። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። ሰኞ ገበያ አጠገብ የብሎንና የሚስማር ሱቅ አለኝ። አላገባሁም፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ስሜን ያወጣችልኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኝ ስለነበር፣ አንድ ቀን እያለቀስኩ ገብቼ «ልጅሽን እንዴት ጉድፍ ትያለሽ?» አልኳት። «ስም ነው፣ ምን ይሁን! ይልቅ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። በዚሁ አለቀ። ቆንጆ ነሽ፣ ጎበዝ ነሽ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ሳሳያት፣ ጎረቤት ፊት «ከሰነፍ መሀል አንደኛ መውጣት ምን ይደንቃል!» ብላ ወዲያ ገፋችው።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣልም ከዚህ የተሻለ አላገኘም። ስሙን አባታችን አወጣለት፤ እሷ ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ከንቱ» ነበር የምትለው። «ያ ከንቱ በላ?» «ያ ከንቱ ገባ?» እሱ ሳቂታ ስለነበር ይስቅባታል እንጂ እንደኔ ቂም አልያዘም። አድጎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ፤ ከዚያ በሰመራ መንገድ ላይ ቀረ። ገና ወጣት ነበር። የሟች ጎተራ ወራሽ ካልሰየመው በመጀመሪያዋ ጳጉሜ ይጠረጋል። እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን ለማን ትዝ ይበለው! ነፍሳችን መለስ ስትል የሱ ጎተራ ባዶ ነበር። ድምፁም አብሮት ሄደ።

እናቴ ወይዘሮ አስናቁ ነገር መርሳት ከጀመረች ወዲህ ሞቱንም ረሳችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር በሩን እያየች «ያ ከንቱ አልመጣም?» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነገርኳት። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። በማግስቱም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ እንደ አዲስ አለቀሰች። ሰው የልጁን መርዶ ስንት ጊዜ ይሰማል? ከዚያ ወዲያ አንደበቴ እንቢ አለኝ። «መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ።

«እንግዲያው ድምፁን አሰሚኝ።»

ይኼ ነው የገደለኝ። እናቴ በዕድሜዋ አንድ ነገር ብትለምነኝ ይኼን ነው፤ እሱንም አጣሁላት። የቀረው ተስፋ የሷ የራሷ ጎተራ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አዝራር አንገቷ ላይ ነበር፤ እሱም ያደገው እግሯ ሥር ነው። እንዴት አንድ ቃል አይገኝም? ውክልና አውጥቼ ገባሁ።

«ይበልጣል» ብዬ ፈለግሁ። የልደት ወረቀትና ክትባት። «ከንቱ» አልኩ፤ ምንም። «ልጄ» አልኩ፣ «ሳቅ» አልኩ፣ «ሹፌር» አልኩ። ሰያሚ በዚያ በጨዋ ድምፁ «አልተገኘም» ይለኛል፤ ሺህ ጊዜ ብጠይቀው ሺህ ጊዜ አይሰለቸውም። እኔን ግን ሰለቸኝ።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ነኝና፣ «ጉድፌ» ብዬም ፈለግሁ። ክትባት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ደግሞ «ጥፋት» ተብሎ የተሰየመ ድስት የሰበርኩበት ቀን። አለቀ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ፣ እናቴ ዘንድ ያለኝ የሰበርኩት ድስት ነው። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ያን ቀን እራቷን ሳቀርብላት ሳህኑን ጣል አድርጌላት ነው የሄድኩት።

ጳጉሜ የገባች ዕለት ሰያሚ እንዲህ አለኝ።

«የወይዘሮ አስናቁ ጎተራ ሞልቷል። በድምፅ ለመፈለግ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ‹ጥራጊ› የሚል መለያ የሰጡት ብዙ ነገር አለ። ለጥረጋ ላስረክበው?»

ጥራጊ የሌለው ቤት የለም። የኪስ ውስጥ ጨለማ፣ የራስ ማንኮራፋት፣ አዝራሩ ተገልብጦ ቀኑን ሙሉ የቀረጸው ጣሪያ፣ ሁሉም እዚያ ይከተትና መለያ ስላለው ባለቤቱ እስኪያስረክበው ይቆያል። የሰው ገመና ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ደግሞ ተከፍቶ አይታይም፤ እንደተዘጋ ነው የሚጠረገው።

«አስረክብ» አልኩት። ሚስማር እየለየሁ ነበር፤ ቀናም አላልኩ።

ቦታው ተለቀቀ። የቀረው ሁሉ በድምፅ ተፈለገ። የይበልጣል ድምፅ አልተገኘም።

በሩፋኤል ቀን ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ዕርቃናቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ፤ አዝራራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው አንገታቸው ላይ አስረውታል። እትዬ ከዲጃ እንደ ልማዷ ከሰዓት በኋላ እናቴን ልታጫውት መጣች፤ ውሃ ከነጠላዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ አጥር ለአጥር ነው ያረጁት።

«ምነው እትዬ፣ ጥላ የለዎትም?» አልኳት።

«የሩፋኤልን ዝናብ በጥላ? ዝናቡ ሃይማኖት አይጠይቅ፤ ተውኩትና መታኝ።»

እናቴ ከወንበሯ ሆና «ጉድፌ! ይችን የራሰች ሴትዮ ፎጣ ስጫት፣ ወለሉን አበላሸችው» አለች።

«አሁንም ጉድፌ ትላታለች!» እትዬ ከዲጃ ሳቀች። «ደግሞ የኔን ልጅ በምን መብትሽ ነው የምታዥያት?»

«የማንን ልጅ?» አልኩ፣ ፎጣውን እንደያዝኩ።

«የኔን ነዋ። ገዝቼሽ የለም እንዴ? እስካሁን አልነገረችሽም?» እናቴን ዞራ አየቻት። እናቴ መስኮቱን እያየች ነው። እትዬ ከዲጃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአንቺ በፊት ሦስት ቀብራለች፣ የኔ አበባ። አንዱም አልተሳመም። አንቺ ስትመጪ ገና እትብትሽ ሳይደርቅ በአጥሩ በኩል አቀበለችኝ። ‹ይችን ጉድፍ ውሰጂልኝ፣ የኔ አይደለችም› ብላ ጮኸች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። እኔም አንድ እፍኝ ጨው ሰጠኋትና ገዛሁሽ። ከዚያ ወዲያ የሰው ልጅ እንደምታጠባ ሆና አጠባችሽ።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች! የተወደደ ነገር ዓይን ይበዛበታል፤ ሞትም የሚመርጠው እሱን ነው። ጉድፍን ማን ያያል? የሴት አያቷ ያስተማረቻት ነው። ለአንቺ መንገር ደግሞ አይሆንም፤ ከተነገረ ምኑን ተደበቀ?»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። ያ ካርድ፣ ያ ‹ከሰነፍ መሀል›፣ ያ ጎረቤት ፊት መገፍተር ትዝ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ሰው ፊት ልጇን ጉድፍ የምትል ሴት፣ ጎተራ ውስጥ ምን ብላ ትሰይመዋለች?

«ወየው! ጥራጊ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ጎተራው ዘንድ ደወልኩ። ኤዶም የምትባል ትሑት ልጅ አነሳች። ነገሩን አስረዳኋት፤ እያስረዳኋት አለቀስኩ፤ እሷም ድምፅዋ ሰለለ።

«እማማ፣ ጥራጊ የተባለው ከሌላው ቀድሞ ነው የሚጠፋው። የናንተ ተራ ዛሬ ነው፤ ከመምሸቱ በፊት» አለችኝ።

«እንግዲያው አሁኑኑ መልሺልኝ። ውክልና አለኝ።»

«ውክልናዎ ለመጣል ይበቃል። ለማንሳት ግን አይበቃም። ባለቤቷ በራሷ ድምፅ ጥራጊ አይደለም ማለት አለባት።»

«ማነው ይኼን ሕግ ያወጣው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ» አለች፣ ልትስቅም ልታለቅስም እየቃጣት። እውነቷን ነው።

እናቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። አዝራሯን አስተካከልኩ። ሰያሚ በጨዋ ድምፁ «ወይዘሮ አስናቁ፣ ጥራጊ ያሉት ለጥረጋ ተሰልፏል። ጥራጊ ነው?» አላት።

«ጥራጊ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

«እማዬ፣ አይደለም በይ! ይበልጣል እኮ ነው እዚያ ያለው!»

በዚያ በደከመ እጇ አፌን ጥፍሯ እስኪወጋኝ ያዘችው። «ዝም በይ! ስሙን እንዲህ አትጥሪው!» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ከንቱ ነው! ጥራጊ ነው! ማንም አይፈልገውም!»

«ተመዝግቧል» አለ ሰያሚ።

ፀሐይዋ ከደመናው ኋላ እየወረደች ነው። አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረኝ ገባኝ። ሞቷል ልላት ነው። ከሞተ የምትደብቀው የለም፤ ታለቅሳለች፣ ስሙን ጠርታ ጥራጊ አይደለም ብላ ታለቅሳለች፣ ያ ማሽን ይሰማታል፣ ድምፁም ይተርፋል። ነገ ደግሞ ትረሳዋለች። ብቻ እንደገና ልገድልባት ነው። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ልጇን ከሞት ለመደበቅ እንደዚያ ስትታገል አሳዘነችኝ። አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ከዲጃ ክንዴን ያዘች። «ተይ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ለኔ ተይልኝ።»

ወንበሯን ጎተት አድርጋ እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ገበያ ላይ እንደሚከራከር ሰው አንገቷን ሰበቀች።

«አስናቁ፣ ይኼ ጥራጊሽ ቤትሽን አጣበበው። ለምን ለኔ አትሰጪኝም?»

እናቴ አተኩራ አየቻት። «ለምን ይሆንሻል?»

«ለዶሮዎቼ።»

«የማይረባ ነገር ነው።»

«እኔ ምን የሚረባ ነገር አውቃለሁ? ከአንቺ ጋር ስኖር አርጅቻለሁ።»

 በሁለት ዓመት ውስጥ ያላየሁት ፈገግታ ከእናቴ ከንፈር ጠርዝ ብቅ አለ፤ ልጅ ሆነው አንድ ላይ ያጠፉት ጥፋት ትዝ ያላት ትመስላለች። ወደ እትዬ ከዲጃ ጎንበስ አለችና «ጨው አለሽ?» አለቻት።

ወደ ማድ ቤት በረርኩ። የጨው ዕቃውን ስከፍት በጥድፊያ ግማሹን መሬት አፈሰስኩት። ያተረፍኩትን እትዬ ከዲጃ መዳፍ ላይ ጨመርኩ፤ እሷም እናቴ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። እናቴ በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰችው። ጨው መሆኑን አረጋገጠች መሰለኝ።

«ውሰጂልኝ!» ብላ ጮኸች፣ አሁንም ወደ በሩ። «ጥራጊሽን ውሰጂ! ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለም!»

 

«የባለቤትነት ዝውውር» አለ ሰያሚ። «ተቀባይ ያረጋግጡ።»

«ተቀብያለሁ» አለች እትዬ ከዲጃ። «አልሐምዱሊላህ።»

«ከጥረጋው ሰልፍ ወጥቷል። አሁን የእርስዎ ነው። ሊከፈት ይችላል።»

እትዬ ከዲጃ አዝራሯን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጀመሪያ የመጣው የዝናብ ድምፅ ነበር። ውጭ ያለው መስሎኝ መስኮቱን አየሁ። አይደለም፣ የድሮ ዝናብ ነው። የልጅ እግር ውሃ ላይ ይረግጣል። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ በየት በየት ስፈልገው የከረምኩት ሳቅ።

«እማ! እይኝማ! እማ!»

«ግባ አንተ ከንቱ! ማን ያይሃል!» የእናቴ የወጣትነት ድምፅ ነው፤ ለጎረቤት የሚጮኸው። ከዚያ የእርጥብ ልጅ እግር እየሮጠ መጣ፤ ጨርቅ ተንኮሻኮሸ፤ አቀፈችው። አዝራሩ አንገትጌዋ ላይ ነው፤ የልጁ ጆሮ ደግሞ እዚያው ጋ ነው። በሹክሹክታ አንድ ስም ጠራችው። ዕድሜዬን በሙሉ ከአፏ ወጥቶ ያልሰማሁት ዓይነት ስም ነበር።

እናቴ ጨው ያለበትን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። «መጣ?» አለችኝ።

«መጣ፣ እማዬ።»

«በስብሷል። ልብስ ቀይሩለት።»

ማልቀስ አልቻልኩም፤ መሳቅም አልቻልኩም። እትዬ ከዲጃ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ቻለችው። ሰያሚ የስንቱን ሰው ቤት ለቅሶ እንደለመደ በጨዋነት ቆየልንና «ወይዘሮ ከዲጃ፣ ይህን ምን ልበለው?» አለ።

እትዬ ከዲጃ አዝራሯን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ሰይሚልኝ። እኔ ጥርሴ ስላለቀ ሹክሹክታ አይሆንልኝም።»

ያ ስም ምላሴ ላይ ነበር። እናቴን አየሁ፤ በሩን አየሁ። እኔ የተማርኩና የምነግድ ሴት ነኝ፤ ሞት በራፍ ላይ ቆሞ ጆሮ ይጥላል ብዬ አላምንም። ቢሆንም እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ልለው አልደፈርኩም። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ዝናቡ ወጣሁ፣ ከልጆቹ ጫጫታ ራቅ ብዬ አጥሩ ጥግ ቆምኩ፤ አዝራሩን በመዳፌ ሸፍኜ በሹክሹክታ ነገርኩት።

«ተመዝግቧል» አለ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለኝ። «የሚቀጥለውስ?»

የሚቀጥለው የሕፃን ልጅ ለቅሶ ነበር። «ኧረ ይቺ ጉድፍ አስቸገረችኝ!» ትላለች እናቴ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ከሱ በኋላም እኔ ነኝ፤ ከሱም በኋላ እኔው። መዳህ የጀመርኩ ዕለት፣ ጥርሴ የወለቀ ዕለት፣ ያ አንደኛ የወጣሁበት ካርድ ከገፋችው በኋላ ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ስታነበው። ሁሉም ጥራጊ ተብሎ። ጎተራዋን የሞላው እኛ ነበርን።

ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ሕፃኗ ጮኸች፣ እናቴ ተቆጣች፣ ከዚያ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች መሰለኝ ለቅሶው ቀረበ። ዝናቡን በእጄ ከልዬ አዝራሩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። እናቴ እኔንም በሹክሹክታ ጠራችኝ።

ምን ብላ እንደጠራችኝ አልነግራችሁም። ማን እንደሚሰማ ምን ይታወቃል? እናንተ ጉድፌ በሉኝ።